ቢዝነስ ክላስ በጨረታ፦ አየር መንገዶች ወንበር ማጫረት አለባቸው?

ቸርችል_ጎዳና (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ኢኮኖሚ ትኬት ለቆረጠ ሰው «ወደ ቢዝነስ ክላስ ለመዛወር ስንት ይጨምራሉ? ዋጋዎን ያቅርቡ» የሚል ኢሜይል የሚልኩ አየር መንገዶች በዝተዋል። ገጹ ሲከፈት ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚጎተት መለኪያ አለ፤ በአንዱ ጫፍ «ደካማ»፣ በሌላው «ጠንካራ» ይላል። የካርድ ቁጥር ይሞላል፤ ከዚያ በረራው ሊነሳ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀረው «ተሳክቷል» ወይም «አልተሳካም» የሚል መልስ ይመጣል። ስንት ወንበር እንደነበረ፣ ስንት ሰው እንደተወዳደረ፣ በስንት ብር እንደተዘጋ የሚነገረው ሰው የለም።

ጨረታ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የሊዝ መሬቱ፣ የኮንዶሚኒየም ሱቁ፣ የመሥሪያ ቤት አሮጌ መኪናው ሁሉ በጨረታ ነው የሚሸጠው። ሲፒኦ ይያዛል፣ ኤንቨሎፑ ተጫራቾች ወይም ሕጋዊ ወኪሎቻቸው በተገኙበት ይከፈታል፣ አሸናፊው ከነዋጋው ይለጠፋል። የአየር መንገዱ ጨረታ ግን ከዚህ ሁሉ «ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ብቻ ይዞ ሌላውን ትቶታል። ይህ አግባብ አይመስለኝም።

ሁለት ነገር ልጠይቅ። አየር መንገዶች በዚህ መንገድ መሸጣቸው ተገቢ ነው ወይስ ቁርጥ ዋጋ ቢያወጡ ይሻላል? ሁለተኛ፣ አሠራሩ እስካለ ድረስ መጫረት የሚፈልግ ሰው ምን ይጠንቀቅ? በተለይ ትኬቱን ከኤጀንት የቆረጠና ከቤተሰብ ጋር የሚጓዝ።

ትኬት_ቢሮ_ስታዲየም

ከሁለተኛው ልነሳ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚያ ላይ ነው።

ግብዣው የሚላከው ፒኤንአሩ (የቦታ ማስያዣ መዝገቡ) ላይ ወደተመዘገበው ኢሜይል ነው። ትኬቱ ከስታዲየም ወይም ከብሔራዊ ትያትር አካባቢ ቢሮ ተቆርጦ የገባው የቢሮው ኢሜይል ከሆነ፣ ተጓዡ ግብዣ መኖሩንም አያውቅም። ስለዚህ ትኬት ሲቆረጥ «የራሴ ኢሜይልና ስልክ ሲቲሲኢ (የኢሜይል መስክ) እና ሲቲሲኤም (የሞባይል መስክ) ላይ ይግባልኝ» ማለት ያስፈልጋል። ባለሙያውም ሲያስገባ ይጠንቀቅ፦ ሲቲሲኢ ላይ የኢሜይሉ «አት» ምልክት በሁለት ስላሽ (//) ይተካል፣ ከታች የሚሰመረው ሰረዝ በሁለት ነጥብ (..)፣ የመሐሉ ሰረዝ በነጥብና ስላሽ (./)። አንዷ ከተሳሳተች መልእክቱ የትም አይደርስም። ግብዣ ባይመጣም ብዙ አየር መንገዶች ድረ ገጻቸው ላይ ባለ 6 ሆሄ የፒኤንአር ኮዱንና የመጨረሻ ስምን አስገብቶ ማየት ያስችላሉ። የመጨረሻ ስም ሲባል ትኬቱ ላይ በዚያ ቦታ የሰፈረው ነው፤ የአባትም ይሁን የአያት፣ እንዳለ ይግባ። «ቦታ ማስያዣው አልተገኘም» የሚል መልስ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

የቡድን ትኬትና በማይል የተቆረጠ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ አይጫረቱም። ኮድሼርም፣ ማለትም አንዱ አየር መንገድ በራሱ የበረራ ቁጥር ሸጦ ሌላው የሚያበረው በረራ፣ እንደዚያው። የትኬቱ ቁጥር በ071 ቢጀምርም፣ ማለትም የኢትዮጵያ አየር መንገድ ትኬት ቢሆንም፣ ከፍራንክፈርት ወዲያ ያለው በረራ በሉፍታንዛ አውሮፕላን ከሆነ ያ በረራ የሉፍታንዛ ጉዳይ ነው።

ዋጋው በአንድ ሰው፣ በአንድ በረራ ነው። ባልና ሚስት አንድ ከተማ ላይ አውሮፕላን ቀይረው ሲሄዱ ለሁለቱም በረራ መለኪያውን 300 ዶላር ላይ ካቆሙ ክፍያው 300 ሳይሆን 1,200 ዶላር ነው። ድምሩ ከገጹ ግርጌ ይታያል፤ «አስገባ» ከመንካት በፊት እሱን ማንበብ ግድ ነው። አንድ ፒኤንአር ላይ 4 ሰው ካለ ደግሞ ጨረታው የ4ቱም ነው። ቢዝነስ ውስጥ 3 ወንበር ብቻ ቢተርፍ 4ቱም ኢኮኖሚ ይቀራሉ። መፍትሔው ፒኤንአሩን ሁለት ሁለት አድርጎ ስፕሊት ማስደረግ ነው፤ ግን ከመጫረት በፊት። ከተጫረቱ በኋላ ፒኤንአሩ ከተነካ፣ ስም ቢታረም ወይም ቀን ቢቀየር፣ ያቀረቡት ዋጋ ሊወድቅ ይችላል።

ካርዱ ላይ ገንዘቡ የሚቆረጠው ዋጋ ሲያቀርቡ ሳይሆን ሲያሸንፉ ነው። በዚያች ሰዓት በቂ ገንዘብ ከሌለው ወይም የዕለት ጣሪያው ካነሰ ዕድሉ ያልፋል። ገጹ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው፤ በብር ሂሳብ ላይ ያለ የኤቲኤም ካርድ አይበቃም። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ በካርዱ ቢከፍል ይቻላል፤ ሆኖም የከፋዩን ካርድ ቼክ ኢን ላይ ማየት የሚፈልጉ አየር መንገዶች ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ሂሳቡን በብር ለሚይዝ ቢሮ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ተመኑ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ስለሚወሰን ሂሳቡ የሚሠራው ገንዘቡ በተቆረጠበት ቀን ተመን እንጂ ዋጋው በቀረበበት ቀን አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። ጨረታውን ያሸነፈ ሰው ትኬቱ የቢዝነስ ትኬት አይሆንም። በተለመደው አሠራር የተጨመረው ገንዘብ ኢኤምዲ በሚባል የተለየ ሰነድ ይያዛል፣ ፒኤንአሩ ላይ የመቀመጫው ክፍል ይለወጣል፣ ባለ 13 አሃዙ ትኬት ግን በነበረበት የኢኮኖሚ ታሪፍ ይቆያል። የሚከተለው ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል። የሻንጣ መጠን የሚነበበው ከትኬቱ ነው። ቢዝነስ አገኘሁ ብሎ በርበሬና ሽሮውን በ32 ኪሎ ሂሳብ ያሸገ ሰው ቦሌ ሚዛኑ ላይ ሲያስቀምጠው ኮምፒውተሩ የሚያሳየው 23 ኪሎ ከሆነ፣ በየሻንጣው 9 ኪሎ ትርፍ ይከፍላል ወይም ወለል ላይ ከፍቶ ያወጣል። ማይልም የሚታሰበው በኢኮኖሚው ታሪፍ ነው። የቢዝነሱን መጠን የሚሰጡ አየር መንገዶችም አሉ፤ ስለዚህ «ሻንጣ» የሚለውን አንቀጽ ከካርድ ቁጥሩ በፊት ማንበብ።

በጾም ወራት የሚጓዝ ሰው አንድ ተጨማሪ ሥራ አለበት። ኢኮኖሚ ላይ የተመዘገበው ቪጂኤምኤል፣ ማለትም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ፣ ክፍሉ ሲቀየር አብሮ ላይሄድ ይችላል። የልዩ ምግብ ማዘዣ በብዙ አየር መንገዶች ከበረራው 24 ሰዓት በፊት ይዘጋል፤ የጨረታው ውጤት ደግሞ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከ72 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ውጤቱ እንደደረሰ በዚያው ሰዓት ደውሎ ምግቡ በአዲሱ ክፍል መመዝገቡን ማረጋገጥ ነው። የሕፃን ማስተኛም እንዲሁ፤ ቢዝነስ ውስጥ የሚሰቀልበት ቦታ ላይኖር ይችላል።

ዋጋ_ተንታኝ

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ማጫረቱ በራሱ ጥፋት የለበትም። የአውሮፕላኑ በር ሲዘጋ ባዶ የቀረ ወንበር ለማንም አይጠቅምም፤ ተጨማሪ የሚከፍል ሰው ቢቀመጥበት ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። ጥፋቱ ያለው በጨረታው ዓይነት ላይ ነው።

እነዚህ ገጾች በብዛት የሚሠሩት አሸናፊው ያቀረበውን ያህል በሚከፍልበት የታሸገ ጨረታ ነው። 3 ወንበር አለ እንበል፤ የቀረቡት ዋጋዎች 600፣ 450፣ 380፣ 300 እና 250 ዶላር ናቸው። አሸናፊዎቹ 600፣ 450 እና 380 ከፍለው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። 600 የከፈለው ሰው በ301 ይበቃው ነበር፤ ግን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ጨረታ ብልህ ተጫራች ወንበሩ ለእሱ የሚያወጣውን ያህል በፍጹም አያቀርብም፤ ዝቅ አድርጎ ሌሎች ምን ይላሉ ብሎ መገመት ይይዛል። የሚያሸንፈው ወንበሩን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ሳይሆን ጥሩ የገመተው ይሆናል።

ሌላ መንገድ አለ። ሦስቱም አሸናፊዎች የመጀመሪያው ተሸናፊ ያቀረበውን፣ እዚህ 300 ዶላር፣ ይክፈሉ። ያኔ ለአንድ ወንበር የሚጫረት ሰው እውነተኛውን ዋጋ ቢጽፍ አይጎዳም፤ የጻፈው የሚወስነው መግባት አለመግባቱን እንጂ የሚከፍለውን አይደለም። «አየር መንገዱ ከ1,430 ወደ 900 ይወርዳል» የሚል ይኖራል። ሰዎቹ ግን በሁለቱ ጨረታዎች ተመሳሳይ ዋጋ አይጽፉም፤ በመጀመሪያው ይደብቃሉ፣ በሁለተኛው ይገልጻሉ። ዊልያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በተወሰኑ ሁኔታዎች የሻጩ አማካይ ገቢ በሁለቱም መንገድ እኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1996 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

አየር መንገዶች ግልጽ ጨረታ አያውቁም ማለት አይቻልም። ከልክ በላይ የተሸጠ በረራ ላይ ወንበሩን የሚለቅ ፈቃደኛ በካሳ ይፈለግ የሚለውን ሐሳብ ጁሊያን ሳይመን የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አቀረበ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1978 ሥራ ላይ ዋለ። እዚያ በር ላይ ቆመው «200 ዶላር፣ ማን ይቀራል? 400?» ይላሉ፤ ሁሉም ይሰማል። ወንበር ለማስለቀቅ የሚቻለው ግልጽነት ወንበር ለመሸጥ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

አንድ ልጨምር፤ ለሚጫረት ሰው ይጠቅማል። ዕድልን የሚወስነው የቢዝነሱ ባዶ ወንበር ብቻ አይደለም። ኢኮኖሚው ከልክ በላይ ተሸጦ ከሆነ አንድ ሰው ወደ ፊት ሲዛወር ኋላ የሚለቀው ወንበር ለአየር መንገዱ ሌላ ገንዘብ ነው፤ ዝቅተኛ ዋጋም ያልፋል። በገናና በፋሲካ ሰሞን ኢኮኖሚው ጢም ብሎ ቢዝነሱ የላላበት በረራ ላይ ደካማ የተባለ ዋጋ ሊያሸንፍ ይችላል። ኢኮኖሚው ግማሹ ባዶ ሲሆን ግን ማንንም ለማዛወር የሚያስቸኩል ነገር የለም። መለኪያው «ጠንካራ» ማለቱ ዋጋው ከተለመደው አንጻር የት እንዳለ ይናገራል እንጂ ወንበር መኖሩን አያረጋግጥም።

ተመላላሽ_ወርቅ

የቪክሪው ነገር ደስ ይላል፤ ዋናው ቅሬታ ግን አልተነካም። ቀደም ሲል ኢኮኖሚ ሲጨናነቅ ወደ ፊት የሚዛወረው እንደ ኢትዮጵያ አየር መንገዱ ሼባማይልስ ባለ የደንበኞች ማይል ፕሮግራም ውስጥ ወርቅ ወይም ፕላቲነም ደረጃ ያለው ሰው ነበር። ጨረታው የሚዘጋው ከቼክ ኢን በፊት ስለሆነ ያ ወንበር በር ላይ ከመድረሱ በፊት ተሽጦ ያልቃል። በዓመት ሃያ ጊዜ የሚበረው ሰው ያገኝ የነበረውን በዓመት አንዴ የሚበር ሰው በ250 ዶላር ይወስደዋል። ሙሉውን ከፍሎ ቢዝነስ የገዛውም ከጎኑ የተቀመጠው በስንት እንደገባ ሲሰማ በሚቀጥለው ጊዜ ኢኮኖሚ ቆርጦ መጫረት ይጀምራል።

ዋጋ_ተንታኝ

ሁለተኛው ነጥብዎ ትክክል ነው፤ አየር መንገዶችም መነሻ ዋጋ የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው። መነሻው በጣም ከወረደ የራሳቸውን የቢዝነስ ገበያ ይበላሉ። በመጀመሪያው ግን አልስማማም። በር ላይ የሚሰጥ ነፃ ዝውውር ማንም በጽሑፍ ቃል የገባው መብት አይደለም። ለታማኝ ደንበኛ ማድላት ተገቢ ከሆነ በግልጽ ይደረግ፦ የወርቅ ደረጃ ያለው ሰው ባቀረበው ዋጋ ላይ ይህን ያህል በመቶ ተጨምሮ ይታሰብለታል ተብሎ ደንቡ ላይ ይጻፍ።

ቸርችል_ጎዳና

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ዋጋው ስንት ይሁን ለሚለው የሚረዳ ስሌት አለ? ለሁለት ሰዓት በረራና ለአሥራ ሦስት ሰዓት በረራ አንድ ዓይነት ሊሆን አይችልም።

ትኬት_ቢሮ_ስታዲየም

መጀመሪያ አውሮፕላኑን ይዩ። የኢትዮጵያ አየር መንገድን ብንወስድ 737-800 ላይ ያሉት 16 የቢዝነስ ወንበሮች ሰፊና ወደ ኋላ የሚያጋድሉ ናቸው እንጂ አልጋ አይሆኑም። 787-8 ላይ 24፣ ኤ350-900 ላይ 30 ናቸው፤ ኤ350ው ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ስለተደረደሩ በመስኮት በኩል የሚቀመጥ ሰው ሌሊት ለመነሳት ጎረቤቱን ይሻገራል። ናይሮቢ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ለዚያ ብዙ ዶላር መጨመር ለምግብና ለወንበር ስፋት ብቻ መክፈል ነው። ሌሊት ተነስቶ ጠዋት አውሮፓ የሚያደርስ በረራ ግን ሌላ ነው። ስሌቱ በሚተኙት ሰዓት ይሁን፤ 7 ሰዓት በረራ ከእራትና ከቁርስ የሚተርፈው እንቅልፍ 4 ሰዓት ነው። 320 ዶላር ከሆነ ለአንድ ሰዓት እንቅልፍ 80 ዶላር ማለት ነው። ያዋጣል አያዋጣም የሚለው የተጓዡ ነው።

ከዚያ በዚያው ቀን የቢዝነሱን የመሸጫ ዋጋ ይመልከቱ። ኢኮኖሚው 700፣ ቢዝነሱ 1,900 ዶላር ከሆነ ልዩነቱ 1,200 ነው። በእኔ አስተያየት ከልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም 600፣ ካለፈ መጫረት አይገባም፤ ያን ያህል ማውጣት የሚችል ሰው ትንሽ ጨምሮ ትኬቱን ራሱን ቢለውጥ ሻንጣውንም ማይሉንም፣ ትኬት የመመለስ መብቱንም ያገኛል። ሁለት ሻንጣ በ32 ኪሎ መጫን ለሚፈልግ የትርፍ ኪሎው ክፍያ ከልዩነቱ ላይ ይቀነስ። ክብ ቁጥር ላይ አለመቆምም ጥሩ ነው፤ ብዙ ሰው 300 ላይ ያቆማል፣ 310 ያለው ያልፋል።

የወንበር ካርታው አያታልልዎት። ባዶ የሚታየው ሁሉ ያልተሸጠ አይደለም፤ ትኬት ገዝተው ወንበር ያልመረጡ ሰዎች አሉ። ለረጅም በረራ ከቦሌ ሲነሳ ደግሞ 2,334 ሜትር ከፍታው አውሮፕላኑ የሚሸከመውን ክብደት ስለሚቀንስ፣ ለክብደት ሲባል ሆን ተብለው የማይሸጡ የኢኮኖሚ ወንበሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ካርታውን አይቶ «ኢኮኖሚው ባዶ ነው» ወይም «ሙሉ ነው» ማለት ለዚህ ነው የማይቻለው።

ውጤት ሳይመጣ ኦንላይን ቼክ ኢን አያድርጉ፤ አንዳንዱ አየር መንገድ ቼክ ኢን ያደረገን ሰው ከጨረታው ያወጣዋል። ሐሳብ ከተቀየረም ገጹ እስኪዘጋ ድረስ ዋጋውን ማሻሻል ወይም መሰረዝ ይቻላል። ከተዘጋ በኋላ ግን አይቻልም፤ ካሸነፉም አይመለስም።

መብት_ይከበር

አይመለስም የሚለው ልዩ ሁኔታ አለው። በረራው ከተሰረዘ ወይም አውሮፕላኑ ተቀይሮ ቢዝነስ ወንበሩ ካልተገኘ ወደ ቢዝነስ ለመዛወር የተከፈለው ይመለሳል። ሆኖም ራሱ ተመልሶ ካርድ ላይ እስኪገባ መጠበቅ ብቻውን አይበቃም። የኢኤምዲውን ቁጥር፣ የማሸነፊያውን ኢሜይልና የተቀመጡበትን ወንበር የሚያሳየውን ቦርዲንግ ፓስ ይዞ መጠየቅ ነው። ቦርዲንግ ፓሱን ሻንጣ እስኪረከቡ ብቻ ይዘው የሚጥሉት ሰዎች ማስረጃቸውን ነው የሚጥሉት።

ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሳ በረራ ላይ፣ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ እንደሚመጣው፣ በማንኛውም አየር መንገድ ቢሆን የኅብረቱ የመንገደኞች መብት ደንብ 261/2004 ይሠራል። ከአዲስ አበባ ወደዚያ ሲሄዱ ደግሞ አየር መንገዱ የኅብረቱ ከሆነ። አንቀጽ 10 ሁለት ነገር ይላል። አየር መንገዱ ራሱ ከትኬትዎ ከፍ ወዳለ ክፍል ካዛወረዎ ተጨማሪ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ዝቅ ካደረገዎ ደግሞ ከትኬቱ ዋጋ እንደ ርቀቱ 30፣ 50 ወይም 75 በመቶ ይመልሳል፤ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነው የአዲስ አበባ መስመር 75 ነው። ለተጫራች ግን ክፍተት አለ፦ ደንቡ የሚናገረው ትኬቱ ስለተገዛበት ክፍል ነው፤ የተጫራቹ ትኬት ደግሞ ከላይ እንደተባለው ኢኮኖሚ እንደሆነ ነው የሚቆየው። አየር መንገዱ «የጨረታውን ገንዘብ መለስኩ፣ ሌላ ዕዳ የለብኝም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ቢዝነስ የገዛ ሰው ይህ ስጋት የለበትም።

አራት_ኪሎ_ነዋሪ

እኔን የሚያሳስበኝ ጨረታው ውስጥ ስለማይገቡት ነው። ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጅዳ ለሥራ የምትሄድ ልጅ ኢሜይሏ ፒኤንአሩ ላይ የለም፣ ዓለም አቀፍ ካርድ የላትም፣ ገጹም አማርኛ አይናገርም። ያመመው ሰው ለሕክምና ወደ ባንኮክ ወይም ወደ ዴልሂ ሲጓዝ ጋደም ማለት የግድ ሊሆንበት ይችላል፤ ለእሱ «ዕድልዎን ይሞክሩ» ማለት ተገቢ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ሰው ቁርጥ ዋጋ ይሻላል፤ ዛሬ ከፍሎ ዛሬ ያውቀዋል። ጥሬ ገንዘብ ወይም ብር ይዞ መክፈል የሚቻልበት መንገድ አለ?

ትኬት_ቢሮ_ስታዲየም

አለ። አየር መንገዱ ቢዝነስ ወንበር ካለው በትኬት ቢሮው ልዩነቱን በብር ከፍሎ ትኬቱን ራሱን ወደ ቢዝነስ ማስለወጥ ይቻላል። ይህ ከጨረታው ይወደዳል፤ ግን ሻንጣውም ምግቡም ከአዲሱ ትኬት ጋር አብሮ ይቀየራል። ለታመመ ሰው እኔም የምመክረው ይህንን ነው፤ ጨረታ ውስጥ ጨርሶ አይግባ። ብዙ አየር መንገዶች ደግሞ በበረራው ቀን ቼክ ኢን ላይ የተረፈውን ወንበር በቁርጥ ዋጋ ይሸጣሉ። እሱን ለመሞከር ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድሞ ደርሶ፣ ሻንጣው ሚዛን ላይ ከመውጣቱና ታግ ከመለጠፉ በፊት መጠየቅ ነው፤ ከተለጠፈ በኋላ ክፍሉ ቢቀየር የሻንጣው ታግ እንደገና መታተም ስላለበት፣ ሰልፍ በበዛበት ሰዓት ሠራተኛው «አልቋል» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ዋጋውንም ሻንጣ ያካትት እንደሆነ ከመክፈል በፊት እዚያው ይጠይቁ።